የዳቦ መኪናዋ ቁልፍ

ትንሿ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሊጥ ያሸ ክንዷ ከወንድሟ ጭን ይወፍራል፤ ቁመቷም ከእሱ በአንድ ጭንቅላት ይበልጣል። ይሁንና እሱ አስራ ሁለት ዓመት ቀድሟት የተወለደ ነውና በሕፃንነቷ ያወጣላትን ስም እስከ ዛሬ አልለወጠውም። ሰፈሩም ከእሱ አፍ ተቀብሎ ትንሿ እንዳላት ቀርቷል። እሷ ደግሞ ጋሼ ትለዋለች። ከእናታቸው የወረሱት አንድ ዳቦ ቤት አላቸው፤ እሷ ትጋግራለች፣ እሱ በአሮጌዋ ቫን ጭኖ ያደርሳል። ዋናው ደንበኛቸው ሆስፒታሉ ነው። የበሽተኞቹ የምሳ ዳቦ ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ወጥ ቤቱ በር ላይ መድረስ አለበት፤ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

ጣጣው የመጣው ትንሿ የወንድሟን ኮት ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ነው። አራት ቦታ የታጠፈ የሐኪም ወረቀት አገኘች። የጋሼ ዓይን ፊት ለፊቱን ብቻ እንጂ ግራና ቀኙን ማየት እያቆመ ነው ይላል ወረቀቱ። የጠፋው አይመለስም፣ ከእንግዲህም መሪ መጨበጥ የለበትም። ቀኑን ብታየው አራት ወር አልፎታል። እንግዲህ ይህ ሰው አራት ወር ሙሉ ግራና ቀኙን ሳያይ በከተማው መሃል ዳቦ ሲያመላልስ ከርሟል ማለት ነው። ወረቀቱን እንደያዘች የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አለች።

ስታፋጥጠው አልካደም። ቁልፉን አምጣ ስትለው ግን ግንባሩን ቋጠረ። ለባዕድ ሾፌር አልሰጥም አለ፤ ከዚህ በፊት ሁለት ሾፌር ቀጥረው አንዱ በሁለተኛው ቀን፣ ሌላው በመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ጥሏቸው እንደሄደ አስታወሳት። መኪናዋ ጠባይ አላት፣ ከእኔ በቀር ማንም አይችላትም አለ። ሽንጡን ገትሮ ሲከራከር ቆይቶ ግን የእህቱ ዓይን እንባ ሲያቀርር አየና ድምፁ ወረደ።

«መንጃ ፈቃድ አውጥተሽ ነይ» አላት። «በዚያኑ ቀን ቁልፉ ያንቺ ነው። እስከዚያ ግን እኔው ነኝ የምነዳው።»

ጋሼ እንከኑ ብዙ ነው፣ ቃሉን ግን አያጥፍም። ትንሿም ይህን ስለምታውቅ ሙጭጭ አለችበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋቢና ውስጥ አጠገቡ መቀመጥ ሥራዋ ሆነ። ዳቦው ሲጫን ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ትገባና መንገዱን ሁሉ ስትለፈልፍ ትሄዳለች። ከቀኝ ብስክሌት፣ ከግራ አንዲት ሴትዮ ከነዘምቢሏ፣ ቀስ በል፣ በቃ እለፍ። አንድ ቀን ማስነጠስ መጣባት። እሷ ዓይኗን በጨፈነችባት በዚያች ቅጽበት የቫኗ ስፖኪዮ የፖስተኛውን ቦርሳ ገጭቶ አለፈ። ፖስተኛው እግዜር ጠብቆት ምንም አልሆነም፤ መሃል መንገድ ቆሞ ሲሳደብ በመስታወት አየችው። ጋሼ ግን ፖስተኛም ቦርሳም አላየ፤ ምን ነካን ብሎ ጠየቃት። ትንሿ በማግስቱ ለፈተና ተመዘገበች።

የጽሑፉን ፈተና እንደ ውሃ ጠጣችው። መንዳቱን ያስተማራት ደግሞ ማን ሆነና፣ ያው ጋሼ ነው፤ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ። ነገር የተበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ቫኗን ያላየ ሰው ላያምነኝ ይችላል። ፍሬቻዋ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ስለነበር መታጠፍ የፈለገ ሰው ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ያወናጭፋል። ክላክሷ ከመሪው ላይ ተነቅሎ ወንበር ሥር የተለጠፈ የበር ደወል ሆኗል። የዝናብ መጥረጊያዋ በሲባጎ እየተጎተተ ነው የሚሠራው። ቀበቶዋ ተቆርጦ የዳቦ ሳጥን ታስሮበታል። የእጅ ፍሬኗ ለጌጥ ነው፤ ቆሞ የሚወርድ ሰው ከጋቢና ወለል ላይ ድንጋዩን አንስቶ ጎማው ሥር ይወትፋል። ዳሽቦርዷ ላይ ጥቁር ፕላስተር ከዳር እስከ ዳር ተለጥፏል። ይሄ ምንድነው ስትለው፣ ከሥሩ የሚበሩ መብራቶች ዓይኔን ስለሚወጉኝ ነው፣ መኪና ሲያረጅ ማጉረምረም ይወዳል፣ ዝም በዪው አላት። እሷም አመነች፤ ሌላ መኪና መች ነድታ ታውቅና።

በመጀመሪያው የመንዳት ፈተና ቀን የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ፈታኟ ቀይ እስክሪብቶ የሚሏት ሴትዮ ናት፤ ስሟን የሚያስታውስ ተፈታኝ የለም፣ እስክሪብቶዋን የሚረሳ ግን አልተገኘም። ትንሿ የመሥሪያ ቤቱ የፈተና መኪና ውስጥ ገና ከመግባቷ፣ ቫኗ ላይ እንደለመደችው፣ የነዳጁ ቆጣሪ እንዲነቃ ብላ ዳሽቦርዱን በጡጫ ሁለቴ ደለቀችው። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻት። ወደ ግራ ይታጠፉ ስትባል ደግሞ ክንዷን በመስኮት ልታወጣ ወረወረችው፤ መስኮቱ ዝግ ስለነበር ጣቶቿ ከመስታወቱ ጋር ተላተሙ። ይህም ታለፈ እንበል። አቀበቱ ላይ ሲደርሱ ግን ሴትዮዋ መኪናውን ያቁሙ አለች። ትንሿ አቆመች፣ ሞተር አጠፋች፣ ማርሽ አስገባች፣ በሩን ከፍታ ወረደች። ሴትዮዋ ከወረቀቷ ቀና ስትል ተፈታኟ ወንበሯ ላይ የለችም። ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንጋይ በበዓል ቀሚሷ አቅፋ እየመጣች ነው።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«እንዳይሸሽብን ነው» አለች ትንሿ፣ ጎማው ሥር እየወተፈችው።

ቀይ እስክሪብቶ የእጅ ፍሬኑ ላይ እጇን አሳርፋ አየቻት። ከዚያ ጻፈች። ሁለተኛ ከወደቁ ለስድስት ወር አይፈተኑም፣ ደንቡ ነው ብላ አሰናበተቻት። ወረፋ ላይ የነበሩት ተፈታኞች ድንጋዩን አይተውት ኖሮ ሳቁ ከግቢው እስክትወጣ ተከተላት። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ቤት ደርሳ ስትነግረው ጋሼ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ስታየው ግን ፊቷ እንደ ሌላ ቀኑ አልነበረም።

«ሆን ብለህ ነው?» አለችው። «ቁልፉን ላለመስጠት ነው እንዲህ አድርገህ ያስተማርከኝ?»

ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ሽርጡን አውልቆ አጣጠፈው፣ መልሶ ፈታው። «እኔ ከሷ በቀር ሌላ መኪና ነድቼ አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «ለኔ መንዳት ማለት ይኸው ነው፤ የማውቀውን ነው የሰጠሁሽ።»

እውነቱን እንደሆነ ገባት፤ እርር ድብን ያደረጋትም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ተጣልታው ይወጣላት ነበር።

በማግስቱ ዳቦውን በእጅ ጋሪ ወደ ሆስፒታሉ ላከችና ቫኗን አስጎትታ ጋራዥ ወሰደቻት። መካኒኩን ሰፈሩ ወሬኛው ይለዋል፤ በቀን ሦስት ቃል ከተናገረ ብዙ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ አየ። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ገመዶች በዳቦ ማሰሪያ ክር ተቋጥረው ሲያገኝ ወደ ትንሿ ዞሮ አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። ፕላስተሩን ሲልጠው ከሥሩ ከነበሩት መብራቶች ውስጥ አራቱ ቦግ ብለው ይበራሉ። አሥር ቀን ሠራ። ፍሬቻዋ ነፍስ ዘራ፣ ፍሬኗ ታደሰ፣ የእጅ ፍሬኗ አቀበት ላይ ቀጥ አድርጎ ያዛት። ጋሼ ከጋራዡ ደጃፍ ሆኖ ሲያይ እንግዳ ሰው ቤቱ ገብቶ ዕቃውን ያተራመሰበት ይመስል ነበር፤ መሪው ላይ የተመለሰውን ክላክስ ሲሰማ ጭራሽ ፊቱን አዞረ።

ማስተማሩንም ወሬኛው ያዘው። መጀመሪያ ምንም አላስነዳትም። ወንበሯን፣ የፍሪሲዮኑን ፔዳል እስከ ወለሉ ስትረግጥ ጉልበቷ ትንሽ እጥፍ እስከሚል ድረስ አስጠጋችው፣ ሦስቱንም መስታወት አስተካከለች፣ ቀበቶዋን አሰረች፤ ከዚያ ዓይንሽን ጨፍኚ አላት። ፍሬቻ ሲል በጣቷ ፍሬቻውን፣ መብራት ሲል መብራቱን፣ መጥረጊያ ሲል መጥረጊያውን ሳታይ ታገኛለች። ዓይን መንገድ ላይ ነው የሚውለው፣ እጅ የራሱን ይፈልግ፤ የትምህርቱ ሁሉ ማጠቃለያ ይኼው ነበር። በየቀኑ ምድጃው ከበረደ በኋላ ቆማ ባለችው ቫን ውስጥ እንዲህ ዓይኗን ጨፍና ስትዳብስ አላፊ አግዳሚው ጤናዋን ተጠራጠረ። እሷ እቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ስለ ዳሽቦርዱ መብራቶች የጠየቀችው ቀን ደግሞ ወሬኛው በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር አደረገ።

«አረንጓዴ ሲሆን ሠርቷል ማለት ነው። ቢጫ ሲሆን ቶሎ አስመርምሪ። ቀይ ሲሆን ቁሚ። ማንም ሂጂ ቢልሽ ቁሚ።»

የሁለተኛው ፈተና ቀን ሲደርስ ትንሿን ያስጨነቃት ፈተናው ብቻ አልነበረም። ጠዋት እሷ ፈተና ላይ ናት፤ ዳቦው ደግሞ መሄድ አለበት። በዚያች ቀን ጋሼ ያለ እሷ ዓይን ብቻውን ሊነዳ ነው። በጋሪ እንላከው ብላ ለመነችው። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ የራሰ ዳቦ ለበሽተኛ አልሰጥም አለ። በስንት ልመና፣ እስከ አራት ሰዓት ተኩል እጠብቅሻለሁ፣ ፈቃዱን ይዘሽ ከመጣሽ አንቺ ትነጃለሽ፣ ካልመጣሽ ግን እኔ እሄዳለሁ አላት። ትንሿ ሰዓቷን አይታ ወጣች።

ቀይ እስክሪብቶ አየቻትና ወዲያው ለየቻት። ዛሬ ድንጋይ አላመጡም ወይ አለች፤ ከንፈሯ ጥግ ላይ ትንሽ ፈገግታ ያለ ይመስል ነበር። ትንሿ የፈተናው መኪና ውስጥ ገባች። ወንበሯን ሳበች፣ መስታወቶቹን አስተካከለች፣ ቀበቶዋን አሰረች። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሴትዮዋ ለምን አይነሱም ብትላት፣ የእርስዎ ቀበቶ ስላልታሰረ ነው አለች በትሕትና። ቀበቶው ሲታሰር ቀጭ ያለው ድምፅ ለትንሿ ጥሩ ምልክት መሰላት።

ቁልቁለቱ ላይ እስኪደርሱ ድረስ አንድ ቀይ ምልክት አልተጻፈባትም። ታጠፈች፣ ቅድሚያ ሰጠች፣ ጠባብ ቦታ ላይ ወደ ኋላ አስገብታ አቆመች። ካፊያ ሲጀምር ጣቷ ሳትልከው ሄዶ መጥረጊያውን አገኘ፣ መብራቱን አበራ፤ ከፊቷ ካለው መኪናም ራቅ አለች። ልቧ ረጋ። ይህን ጊዜ ነው ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ቦግ ያለው፣ ክብ ሆኖ መሃሉ ላይ ቃለ አጋኖ ያለበት። ትንሿ የእጅ ፍሬኑን ዳበሰች፤ እስከ ታች ወርዷል። ፍሬኑን ቀስ ብላ ነካችው፤ ፔዳሉ ከቅድሙ ሁለት ጣት ያህል ጠልቆ ነው የያዘላት።

«ቀይ በርቷል» አለች።

ሴትዮዋ ዓይኗን ከወረቀቷ ሳታነሳ፣ እሱ ከትናንት ጀምሮ ይበራል፣ ዝም ይበሉትና ይቀጥሉ አለች።

ዝም በዪው። ትንሿ የወንድሟን ድምፅ የሰማች መሰላት። እንግዲህ ምን ታድርግ? የፈታኝን ትእዛዝ ያልተቀበለ ይወድቃል፣ ይህን ቃል በቃል ነግረዋታል። ወደቀች ማለት ስድስት ወር ነው። ስድስት ወር ማለት ጋሼ በየቀኑ ግራና ቀኙን ሳያይ በሕዝብ መሃል ማለት ነው። ከፊቷ ያለው ደግሞ ቁልቁለት ነው፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ የእግረኛ ማቋረጫው ላይ ጃንጥላ የያዙ ሰዎች ይሻገራሉ። ቁልቁል አየቻቸው። ከነዚህ አንዱን ገጭታ የምታመጣው መንጃ ፈቃድ ለጋሼም ለማንም አይበጅም። እዚያው ወሰነች።

መስታወት አየች። የቀኝ ፍሬቻ አሳየች። ነዳጁን ለቀቀች፣ ማርሽ ቀነሰች፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው አደረገች፤ ፍሬኑን በስሱ እየረገጠች ዳር ያዘች። ጎማውን ወደ እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጠምዝዛ ቆመች። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳበች፣ አራቱንም ፍሬቻ በአንድ ላይ አበራች፣ ሞተሩን አጠፋች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከዚህ በላይ አልነዳውም» አለች። «ከፈለጉ ይጣሉኝ።»

ሴትዮዋ ቀበቶዋን ፈታች። ጃኬቷን ደርባ ወረደችና ኮፈኑን ከፈተች። ትንሿም ወርዳ አጠገቧ ቆመች። የፍሬን ዘይቱ ዕቃ ከታችኛው መስመር በታች ወርዶ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከፊት ግራ ጎማው ውስጠኛ ጎን ደግሞ ዘይት እየተንጠባጠበ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ቁልቁለቱን አየች፣ ማቋረጫውን አየች፣ ተመልሳ ጎማውን አየች። የፊቷ ቀለም ሄዷል።

«ዛሬ ከእርስዎ በፊት አራት ሰው ነድቶታል» አለች ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «አራቱም አይተውታል። አራቱንም ዝም በሉት ብያቸዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። ሴትዮዋ ስልክ ደውላ መኪናው ተጎትቶ እንዲነሳ አዘዘች፤ ካፊያው ውስጥ እንደቆመች ኮፈኑን ዘግታ ወረቀቱን ላዩ ላይ ዘረጋች። ቀዩን እስክሪብቶ ኪሷ ከተተች፣ ሌላ ፈለገች፣ አጣች። ከትንሿ ተውሳ በሰማያዊ ጻፈች። አልፈዋል አለች። ትንሿ ሃያ ስድስት ዓመት ሊጥ ያሸ እጇን ዘርግታ የፈታኟን እጅ እስኪያማት ጨበጠቻት። ጮቤ ረገጠች ብል ውሸት አይሆንብኝም፤ አቀበቱን ስትወጣ እግሯ መሬት መንካቱን እንጃ። መሥሪያ ቤቱ ማኅተም እስኪመታበት ግን ሰዓቱ ሮጧል። አራት ሰዓት ከሃያ አምስት። ቀሚሷን ሰብስባ ወረቀቱን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልላ ሮጠች።

የዳቦ ቤቱን ጥግ ስትዞር አራት ሰዓት ተኩል አልፏል፣ የቫኗ ሞተርም ተነስቷል። ጋሼ መሪው ላይ ሆኖ ወደ ፊት ትክ ብሎ ያያል። ትንሿ ከቀኝ በኩል ወረቀቱን እያውለበለበች መጣች። ጋሼ አላያትም። ሁለት እርምጃ እስኪቀራት ተጠጋች፣ እህቱ እንደ ባንዲራ እያውለበለበች አጠገቡ ቆማለች፣ አላያትም። ቫኗ መንቀሳቀስ ስትጀምር ትንሿ በሰፊው መዳፏ ጎኗን ደለቀቻት። የታደሰው ፍሬን ቀጥ አደረጋት።

ጋሼ ወርዶ ወረቀቱን ተቀበለ። ፊት ለፊቱ አቅርቦ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያደረገ ቃል በቃል አነበበው፤ ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ተመልሶ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቀለ፣ እህቱ መዳፍ ላይ አድርጎ ጣቶቿን በራሱ ጣቶች አጠፈላት። ዞሮም በሌላኛው በር ገባ። በሠላሳ ምናምን ዓመት ውስጥ በዚያ በር ሲገባ የመጀመሪያው ነው፤ እጀታውን ለማግኘት ትንሽ ዳበሰ።

ዳቦውን ይዘው ወጡ። መንገዱ ታጥቦ ያበራል፣ ካፊያው አባርቷል። ትንሿ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም፤ በቆየው ጭንቀት ቦታ የገባው ደስታ መቀመጫ አሳጣት። ለሚያውቃትም ለማያውቃትም ቅድሚያ ሰጠች። ጋሼ ግን የቀኝ እግሩ ሥራ አልፈታም። እሷ ፍሬን ልትይዝ ስትል እሱ ወለሉን ይረግጣል፣ መታጠፊያ ሲመጣ ይረግጣል፣ ምንም በሌለበት ይረግጣል። አንድ ሁለት ጊዜ ልትስቅበት ፈልጋ ተወችው።

ከወንዙ ድልድይ በኋላ ጋሼ መናገር ጀመረ፣ ፊቱን ከመንገዱ ሳያነሳ።

«እንቅልፍ ካጣሁ ስንት ወር መሰለሽ» አለ። «ስተኛ መንገዱን በሐሳቤ እነዳዋለሁ። ከየት በኩል ሰው እንደሚመጣ አላውቅም። አንዳንዴ ሰው ገጭቼ አልፌ ይሆን እያልኩ በእግሬ ተመልሼ መንገዱን አየዋለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም፣ ጋሼ?»

«ምን ብዬ?» አለ።

ትንሿ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ መንዳት ላይ ነችና በእጇ ጀርባ ቶሎ ጠረገችው። ሆስፒታሉ አጥር ላይ ሲደርሱ ወለሉ ላይ የሚረግጠው እግር ድምፁ እንደጠፋ ልብ አለች። ቀይ መብራት ላይ ስትቆም ዘወር ብላ አየችው። ጋሼ ራሱን መስኮቱ ላይ ጥሎ፣ አፉን በትንሹ ከፍቶ ተኝቷል።

ወጥ ቤቱ በር ላይ አምስት ሰዓት ከመሆኑ ሰባት ደቂቃ በፊት ደረሰች። በሩን ቀስ ብላ ዘጋች፣ ሳጥኖቹን ከወጥ ቤቱ ሠራተኞች ጋር አወረደች፣ ተመልሳ ገባች፤ አልነቃም። የዳቦ ቤቱ ጎዳና ላይ ሲደርሱም አልነቃም፤ ትከሻው እንደ ሕፃን ይወጣል ይወርዳል። ትንሿ ደጃፋቸው አጠገብ ስትደርስ ልትቆም የቀኝ ፍሬቻ አሳየች። ወንድሟን አየችው። ፍሬቻውን አጠፋች፣ መስታወቷን አየች፣ ማርሽ ጨመረች፤ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞረች።